ትንሹ የጠረጴዛ ኮምፒውተር፦ ምንነቱ፣ አመራረጡና አፈታተሹ

ትንሹ የጠረጴዛ ኮምፒውተር፣ በገበያ ስሙ «ሚኒ ፒሲ»፣ የትልቁን ዴስክቶፕ ሥራ መጽሐፍ በሚያክል ሳጥን ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ለየብቻ ይገዙለታል፤ ባትሪ ግን የለውም። ውስጡ ከዴስክቶፕ ይልቅ ለላፕቶፕ ይቀርባል። ፕሮሰሰሩ ኃይል ቆጣቢ ነው፤ ራሙና ማከማቻው በላፕቶፕ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ የኃይል ማቀበያውም በአብዛኛው እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ከሳጥኑ ውጭ ይቀመጣል።

ሳጥኑ ያነሰው አንዳንድ ነገር ስለተተወ ነው። ለትልቅ የግራፊክስ ካርድ ቦታ የለም፤ ሲዲ ማንበቢያ የለም፤ ፋኑ ትንሽ ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ ራሙ እንኳ አይቀየርም። ስለዚህ አመራረጡ በሁለት ጥያቄ ይጠቃለላል፦ የተተወው ነገር ምንድን ነው? ቤቱስ ያለ እሱ ሥራውን መሥራት ይችላል?

አመጣጡ

እ.ኤ.አ. በ2001 የታይዋኑ ቪአይኤ ኩባንያ ጎንና ጎኑ 17 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማዘርቦርድ አስተዋወቀ። ሚኒ አይቲኤክስ የተባለው ይህ ልክ ኮምፒውተርን ማሳነስ እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2005 አፕል 16.5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ማክ ሚኒ በ499 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ገዢው ቀድሞ ያለውን ስክሪንና ኪቦርድ ይጠቀም የሚለው ሐሳብ ከዚያ በኋላ በቤቶች ዘንድ ተለመደ።

እ.ኤ.አ. 2012 ለዘርፉ ትልቅ ዓመት ነበር። ሌኖቮ አንድ ሊትር ያህል ይዘት ያለውን ቲንክሴንተር ታይኒ አወጣ፤ በእንግሊዝ አገር ራስበሪ ፓይ የተባለው የ35 ዶላር ኮምፒውተር ተሸጠ፤ ኢንቴልም ማዘርቦርዱ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ነክ የተባለ ኮምፒውተር አስተዋወቀ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2023 ከዚህ ሥራ ሲወጣ ነክን ኤሱስ ተረከበው።

ዓይነቶቹ

ዛሬ በገበያ የሚገኙት በአራት ሊመደቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ለመሥሪያ ቤት የተሠራው የአንድ ሊትር ሳጥን ነው፤ የሌኖቮ ታይኒ፣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮና የኤችፒ ሚኒ ከዚህ ይመደባሉ። ስፋቱ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች በብዛት ይገዙትና ከጥቂት ዓመት በኋላ በአዲስ ይተኩታል፤ የተተካው ወደ ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ይወርዳል። በአንድ ወይም በሁለት ብሎን ይከፈታል፤ ራሙም ማከማቻውም ይቀየራል። ለቤት የሚበጀው ትልቁ ጥንካሬው ይህ ነው።

ሁለተኛው መዳፍ ላይ የሚያርፈው አዲሱ ርካሽ ሳጥን ነው። እንደ ቢሊንክና ጂኤምኬቴክ ያሉ የቻይና አምራቾች በብዛት የሚሠሩት ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ኤን100 ፕሮሰሰር ነው። ብዙ ኃይል አይበላም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። ሦስተኛው ማክ ሚኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው በኤም4 ሞዴል ጎኑ ወደ 12.7 ሴንቲ ሜትር ቀንሷል፤ ፍጥነቱ በአብዛኛው ከሌሎቹ ይበልጣል፤ የኃይል ማቀበያውም ከሳጥኑ ውስጥ ነው። ራሙ ግን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ በግዢው ቀን የተመረጠው መጠን እስከ መጨረሻው ይኖራል። አራተኛው ራስበሪ ፓይ ነው፤ ለተማሪና ለፈጣሪ እጅ ድንቅ መሣሪያ ቢሆንም በሊኑክስ የሚሠራ በመሆኑ ዊንዶውስ ለለመደ ቤተሰብ ዋና ኮምፒውተር ለመሆን ይከብደዋል።

የቤቱ ሥራ

ኮምፒውተር ከመመረጡ በፊት በቤቱ የሚሠራው ሥራ መዘርዘር አለበት። ልጆች የቤት ሥራ ይሠሩበታል፤ ወላጅ ደብዳቤና የሒሳብ ሰንጠረዥ ያዘጋጅበታል፤ ቤተሰቡ ዩቲዩብ ያይበታል፤ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በቪዲዮ ይነጋገርበታል። ይህን ሁሉ ከአራቱ ዓይነቶች ማንኛውም ጤነኛ ኮምፒውተር ይችለዋል። ልዩነቱ የሚታየው ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ነው፤ ብሮውዘሩ ሃያ ገጽ ይዞ ቪዲዮ ጥሪ ሲጨመርበት ደካማው ስታክ ማድረግ ይጀምራል።

ቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሠራበት ቤት ጠንከር ያለ ፕሮሰሰርና ብዙ ራም ያስፈልገዋል። ከባድ ጌም ለሚፈልግ ግን የግራፊክስ ካርድ የሚቀበል ትልቅ ኬዝ ይሻለዋል፤ ትንሹ ሳጥን የተወው ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ይጎድላል።

ፕሮሰሰር፦ ቁጥሩን ማንበብ

በገበያ ብዙ ስህተት የሚሠራው «አይ5» ወይም «አይ7» በሚለው ስም ብቻ ሲገዛ ነው። ከስሙ በኋላ ያለው ቁጥር የበለጠ ይናገራል። ኮር አይ7-6700ቲ የሚለው የመጀመሪያ አኃዝ 6 ስለሆነ ስድስተኛ ትውልድ መሆኑን ይገልጻል፤ ኮር አይ5-8500ቲ ደግሞ ስምንተኛ ትውልድ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ቲ» ኃይል እንዲቆጥብ ተደርጎ መሠራቱን ያመለክታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀርቡ በስም ያነሰው አይ5 ይመረጣል፤ ከአራት ይልቅ ስድስት ኮር አለው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ይቀበለዋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ክብደት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን አይደግፍም። ከዚያ በታች ያለ ኮምፒውተር አይሠራም ማለት አይደለም፤ ሊኑክስ ተጭኖበት ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ዊንዶውስ ይዞ መቀጠል ለሚፈልግ ግን ስምንተኛው ትውልድ የታችኛው መስመር ነው።

ኤን100 በጉልበቱ ከስድስተኛ ትውልድ አይ5 ጋር ይቀራረባል። አዲስ በመሆኑ ግን ዊንዶውስ 11 ይደግፈዋል፤ ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን ኤቪ1 የተባለ የቪዲዮ አጨማመቅም ያለ ድካም ያጫውታል። ለቀላል የቤት ሥራ በቂ ነው።

ራምና ማከማቻ

በዕለት አጠቃቀም ከፕሮሰሰር በላይ የሚሰሙት ራምና ማከማቻ ናቸው። ራም 8 ጊጋባይት ዝቅተኛው ነው፤ 16 ጊጋባይት ለቤተሰብ ምቹ ነው። መጠኑ ብቻ ሳይሆን አቀማመጡም መጠየቅ አለበት። ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ከሆነ ወደፊት አይጨመርም። የመቀመጫው ብዛትም ይለያያል፤ የመሥሪያ ቤቶቹ ሳጥኖች በአብዛኛው ሁለት መቀመጫ ሲኖራቸው የኤን100 ሳጥኖች ቢበዛ አንድ ይኖራቸዋል።

ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆን አለበት። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ ምንም ቢጠነክር ሲከፈትም ሲሠራም ያንቀራፍፋል። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ የሳታ ኤስኤስዲ እስከ 550፣ ኤንቪኤምኢ የተባለው ደግሞ 3,000 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ያነባል። በጣም ርካሽ በሆኑ ሳጥኖች ላይ የሚገኘው ኢኤምኤምሲ የተባለ ማከማቻ ከኤስኤስዲ የሚዘገይ ከመሆኑም በላይ የተበየደ ነው፤ ቢቀር ይሻላል። መጠኑ 256 ጊጋባይት ለሰነድና ለኢንተርኔት ይበቃል፤ ፎቶና ቪዲዮ የሚያስቀምጥ ቤት 512 ቢይዝ ይመከራል።

መሰኪያዎች

መሰኪያ ከግዢ በኋላ የሚያናድድ፣ ከግዢ በፊት ግን በአንድ ደቂቃ የሚታይ ነገር ነው። ብዙ የመሥሪያ ቤት ሳጥኖች ዲስፕሌይፖርት የተባለውን ብቻ ይይዛሉ፤ የቤቱ ስክሪን ወይም ቴሌቪዥን ደግሞ ኤችዲኤምአይ ወይም ቪጂኤ ሊሆን ይችላል። መቀየሪያ ይገኛል፤ ዋጋው ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ስክሪኑ ፎርኬ ከሆነ የኤችዲኤምአይ ሥሪትም ይጠየቃል፤ 1.4 በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ያወጣል፣ 2.0 ግን 60 ያወጣል፤ ልዩነቱም በማውስ እንቅስቃሴ ሳይቀር ይታያል።

ከመሥሪያ ቤት የወጡት ብዙዎቹ በገመድ ኔትወርክ ይሠሩ ስለነበር ዋይፋይ ላይኖራቸው ይችላል። ካሜራና ማይክሮፎንም አብረው አይመጡም። ቪዲዮ ጥሪ ዋና ጉዳዩ የሆነ ቤት እነዚህን በዋጋው ላይ መደመር አለበት።

ሙቀትና መብራት

ትንሽ ሳጥን ሙቀቱን የሚያስወጣው በጠባብ ቀዳዳና በትንሽ ፋን ነው። አዲስ አበባን በመሰሉ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ከተሞች አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ አቧራ ሲታከልበት ደግሞ ፋኑ ይጮኻል፣ ፕሮሰሰሩም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ሳጥኑ በመሳቢያ ወይም በጨርቅ ሥር አይቀመጥም፤ በዙሪያው ክፍት ቦታ ይተውለታል፤ በየጊዜውም አቧራው ይጸዳል።

በፍጆታ በኩል ትርፉ ግልጽ ነው። በአማካይ 12 ዋት የሚወስድ ትንሽ ኮምፒውተር በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በወር 3 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። 60 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ በዚያው ሰዓት 14 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ልዩነት ከሒሳቡ ይልቅ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል። ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር መብራት ሲቋረጥ ያልተቀመጠ ሥራን ይዞ ይጠፋል፤ በዚህ ምክንያት ዩፒኤስ የተባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ከዋጋው ጋር የሚታሰብ የዕቃው አካል ነው። ትልቅ ዴስክቶፕን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ተራ ዩፒኤስ ትንሹን ኮምፒውተርና ኃይል ቆጣቢ ስክሪን ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ይይዛል።

አማርኛ መጻፍ

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም አማርኛ ማንበብ ችግር የለውም። ለመጻፍ ኪይማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም በሦስቱም ላይ ይሠራል። ጥንቃቄ የሚያሻው ቤቱ በፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ ወይም ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ሰነዶች ሲኖሩት ነው። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ አሮጌዎቹ ሰነዶችም ፎንታቸው ከሌለ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ቤት ወደ ሌላ ሲስተም ከመሻገሩ በፊት ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር አለበት።

ያገለገለውን መፈተሽ

ያገለገለ ትንሽ ኮምፒውተር በሚገባ ከተፈተሸ ብዙ ጊዜ ከርካሽ አዲስ የሚሻል ግዢ ነው። ፍተሻው በሻጩ ፊት ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል።

መጀመሪያ አዳፕተሩ ይታያል። የዴልና የኤችፒ ሳጥኖች የራሳቸውን አዳፕተር ስለሚለዩ ባልተስማማ ሲሰኩ ማስጠንቀቂያ ሊያሳዩ ወይም ፍጥነታቸውን ሊቀንሱ ይችላሉ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ ወደተባለው የመነሻ ማስተካከያ ተገብቶ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑ ይረጋገጣል፤ የቀድሞው ድርጅት ቆልፎት ከሆነ ገዢው በቀላሉ ሊከፍተው አይችልም። ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ደክማለች፤ ይህ በትንሽ ወጪ የሚስተካከል ነው።

ከዚያ በታስክ ማናጀር የፕሮሰሰሩ ስምና የራሙ መጠን ሻጩ ከተናገረው ጋር ይመሳከራል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የኤስኤስዲው ጤንነት በመቶኛ፣ የሠራበትም ሰዓት ይነበባል። ዊንዶውሱ አክቲቬት መሆኑ ይታያል። እያንዳንዱ የዩኤስቢ መሰኪያ በፍላሽ ይሞከራል። በመጨረሻ አንድ ረጅም ቪዲዮ በሙሉ ስክሪን ተከፍቶ ሳጥኑ ይደመጣል፤ ፋኑ ሳያቋርጥ ከጮኸ ወይም ምስሉ ከተቆራረጠ ውስጡ አቧራ ይዞ ወይም የማቀዝቀዣው ቅባት ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ጠቅላላ ሒሳቡ

የሳጥኑ ዋጋ ብቻውን አያወዳድርም። ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ካሜራ፣ የዋይፋይ መቀበያና ዩፒኤስ ሲደመሩ ድምሩ ደህና ላፕቶፕ ሊያክል ይችላል። ሁሉንም ከባዶ የሚገዛ፣ መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ወይም ኮምፒውተሩን ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ላፕቶፕ ቢገዛ ይጠቀማል። ስክሪን ወይም ቴሌቪዥን ያለው፣ አንድ ቦታ ላይ መላው ቤተሰብ የሚጠቀምበትን የሚፈልግ ቤት ግን ትንሹን ኮምፒውተር ቢመርጥ ስክሪኑ ይሰፋለታል፤ የሚበላሸውም ክፍል ለየብቻው ይተካለታል። ብሎኑ ተፈትቶ ራም የሚጨመርበት፣ ኤስኤስዲ የሚቀየርበት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ፍጥነቱ ሲያንስ መላው ዕቃ አይጣልም፤ አንድ ክፍል ብቻ ተገዝቶ ሥራው ይቀጥላል።