ብራዚል ቀይ ሆነች ብላችሁ ጀንፈል ከማቆየታችሁ በፊት

ሰሞኑን በየግሩፑ አንድ ካርታ እየዞረ ነው። ብራዚል ከዳር እስከ ዳር ቀይ፣ ከሥሩ «ድርቅ ገባ፣ ዋጋ ሊፈነዳ ነው» ይላል። «እንያዘው ወይስ እንሽጠው?» ብላችሁ የደወላችሁ አላችሁ። በብድር ገንዘብ ቡና የገዛ ሰው አንድ ወር ሲያቆይ ወለዱ አይጠብቀውም፣ ስለዚህ ካርታውን ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የዓመት ዝናብ ካርታ ክፈቱ። ጅማና ደቡብ ሚናስ ዠራይስ፣ ማለትም የብራዚል አረቢካ ዋናው አገር፣ ሁለቱም በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያገኛሉ። ቀለማቸው አንድ ነው፣ መንታ ይመስላሉ። አሁን የሐምሌን ብቻ ክፈቱ። ጅማ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፣ ደቡብ ሚናስ በአብዛኛው 20 እንኳን አይሞላም። እነሱም ወቅቱን ክረምት ይሉታል፣ ግን የነሱ ክረምት ብርድ እንጂ ዝናብ የለውም።

በየግሩፑ የሚዞረው ደግሞ ሌላ ዓይነት ካርታ ነው። የዘነበውን ሳይሆን ከተለመደው ስንት በመቶ እንደጎደለ ነው የሚያሳየው። የተለመደው 15 ሚሊ ሜትር ሆኖ 3 ብቻ ከዘነበ «80 በመቶ ጎደለ» ብሎ ደም አስመስሎ ይቀባዋል። የጎደለው ግን 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጅማ ላይ የአንድ ከሰዓት ዝናብ ማለት ነው። እንዲያውም ከግንቦት እስከ መስከረም የሚለቅሙበት ጊዜ ስለሆነ ደረቅ ሲሆን ማድረቁ ይቀላቸዋል። ሰፊው ቀይ ያረፈበት አማዞን ላይ ደግሞ አረቢካው የለም።

ሐምሌ ላይ የሚያስፈራው ውርጭ ነው። በአየር ጠባይ ዞን ካርታ የሚናስ ከፍታና የኛ ደጋ በብዙ ቦታ አንድ ቀለም ናቸው፣ ግን ጅማ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ አይርቅም፣ ደቡብ ሚናስ 21 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከደቡብ ዋልታ በኩል የሚነሳ ብርድ በአርጀንቲና አልፎ እዛ ይደርሳል። እኛ ጋ ውርጭ የገብስና የባቄላ አገር ችግር ነው፣ ቡና አገር አይወርድም። በፈረንጆቹ ሐምሌ 1975 የመታው ውርጭ የፓራናን ቡና ጨርሶ ምርቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚናስ ገፋው። ሐምሌ 13 ቀን 2013 ሚናስን ራሱ ሲመታ፣ ኒው ዮርክ በሳምንት ውስጥ ፓውንዱ ከ2 ዶላር አለፈ። ስለዚህ በሐምሌ የሌሊት ሙቀት ካርታ እንጂ የዝናብ ካርታ አትላኩልኝ።

የብራዚል ዝናብ የሚፈለገው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ ቡናው ሲያብብ ነው። በፈረንጆቹ 2024 ደረቁ እስከዛ ሲዘልቅ፣ የካቲት 2017 ላይ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። የራሱ ገንዘብ ያለው እስከዛ ይጠብቅ፣ የሱ ጉዳይ ነው። በብድር የያዘ ግን በሐምሌ ቀይ ተማምኖ ባይቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ቬትናም ሌላ ናት። ዳክ ላክ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት፣ ለቀማው ከጥቅምት በኋላ፣ ከኛ ጋር ይቀራረባል። በጋውን ግን ከጉድጓድ ውኃ ያጠጣሉ። ስለዚህ እዛ የመጋቢትና የሚያዝያ ቀይ ከባድ ነው፣ ጉድጓዱ ይደርቃል። ሚያዝያ 2016 ላይ የለንደን ሮቡስታ ቶኑ 4,000 ዶላር ያለፈው እንደዚያ ባለ በጋ ነበር።