ያውቁ ኖሯል? ለሰፊ ሳሎን የሚሆን ቤዝ

ሳብዉፈር ሊገዛ የሄደ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። «ሳሎንዎ ስንት በስንት ነው?» የሚል ሻጭ ግን ብርቅ ነው። ለሰፊ ቤት ዋናው ጥያቄ እሱ ሆኖ ሳለ!

የ20 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ብቻውን 17 ሜትር እንደሚረዝም ያውቁ ኖሯል? የ80 ሄርዙ እንኳ ከ4 ሜትር ይበልጣል። ይህን የሚያህል ሞገድ ነው እንግዲህ ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም የሚያመሸው። ሄዶ የተመለሰው ከሚሄደው ጋር ሲገናኝ አንዱ ቦታ ላይ ይደራረባል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋፋል። 8 ሜትር በሚረዝም ሳሎን ውስጥ ይህ ነገር የሚጀምረው በ21 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ሶፋው ልክ ክፍሉ መሃል ላይ ከሆነ፣ እዚያ የተቀመጠው ሰው ያን ድምፅ አያገኘውም ማለት ይቻላል። ጥግ ላይ በርጩማ ስቦ የተቀመጠው ልጅ ግን እስኪበቃው ይሰማል። አባወራው «ቤዙ ደካማ ነው» ብሎ ሌላ ትልቅ ሳብዉፈር ይገዛል። ሶፋውን አንድ ሜትር ወደኋላ ቢገፋው ኖሮ በነጻ ይሻሻልለት ነበር።

ዋት ሲባል ደግሞ፦ ከ300 ዋት ወደ 600 ዋት ማደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚያሰኘው ጭማሪ 10 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ ለዚያ የሚያስፈልገው አሥር እጥፍ ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙም አያስደንግጥዎ።

ከ40 ሄርዝ ወደ 20 ሄርዝ ወርዶ በዚያው ኃይል ለመሰማት፣ ስፒከሩ አራት እጥፍ አየር መግፋት እንዳለበትስ ያውቁ ኖሯል? ትንሽ ሳብዉፈር ሰፊ ቤት ውስጥ የሚያቃስተው እዚህ ላይ ነው። ባለ 18 ኢንቹ ከባለ 12 ኢንቹ ጋር ሲነጻጸር የገጹ ስፋት ከእጥፍ በላይ ነው፤ ሁለት ባለ 12 ተደምረው እንኳ አንዱን ባለ 18 አያክሉም።

መኪና ውስጥ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ያው ሳብዉፈር ሳሎን ሲገባ አቅም የሚያንሰውም በክፍሉ ስፋት የተነሳ ነው። የመኪናው ውስጥ ጥቂት ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ 8 በ6 ሆኖ ጣሪያው 3 ሜትር ከፍ ያለ ሳሎን ግን 144 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ወደ መመገቢያ ክፍሉና ወደ ደረጃው በር ሳይኖረው የተከፈተ ከሆነ ደግሞ እነሱም ይቆጠራሉ። ለሳብዉፈሩ ሁሉም አንድ ክፍል ነው።

ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝት ከ41 ሄርዝ በታች አይወርድም። የድሮዎቹን የአዲስ አበባ ባንዶች ሙዚቃ ለማጣጣም ብቻ ከሆነ፣ እስከ 35 ሄርዝ ድረስ ጥርት ብሎ የሚጫወት ሳብዉፈር ይበቃል። ፒያኖ እስከ 27.5 ይወርዳል። 20 ሄርዝና ከዚያም በታች የሚፈልገው በዋናነት ፊልም ነው፤ ፍንዳታው፣ አውሮፕላኑ፣ የመሬት መንቀጥቀጡ።

ስለ መንቀጥቀጥ ካነሳን፦ እ.ኤ.አ. በ1974 «ኧርዝኩዌክ» የተሰኘው ፊልም ሲወጣ፣ ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ ሴንሰራውንድ በተባለ ዘዴ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ግዙፍ የቤዝ ስፒከሮችን ደርድሮ ነበር። ሆሊዉድ በሚገኘው የቻይኒዝ ቴአትር ከጣሪያው የሚረግፍ ልስን ተመልካች ላይ እንዳይወድቅ መረብ ተወጥሯል። ፊልሙ በድምፅ ኦስካር አሸንፏል።

«5.1» ሲባል ነጥብ አንዱ ምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ለፊልም ጥልቅ ድምፆች ብቻ የተመደበ፣ እስከ 120 ሄርዝ ድረስ የሚሠራ የተለየ መስመር ነው። ተራ የስቲሪዮ ሙዚቃ ይህ መስመር የለውም። ስለዚህ የሆም ቴአትሩ አምፕሊፋየር ላይ ስፒከሮቹ «ላርጅ» ተብለው ከተሞሉ፣ የሙዚቃው ቤዝ በሙሉ ወደ እነሱ ይሄድና ሳብዉፈሩ ዝም ሊል ይችላል። ፊልም ሲከፈት ግን ይነቃል። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ጥገና ቤት የሚወስደው ጤነኛውን ነው! ማስተካከያው ቀላል ነው፦ «ስሞል» የሚለውን መርጠው ቤዙን ለሳብዉፈሩ የሚለየውን መለያ (ክሮስኦቨር) 80 ሄርዝ ላይ ያድርጉት። ሳብዉፈሩ ጀርባ ላይ ያለውን የመለያ ማዞሪያ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፤ አለዚያ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል።

80 ሄርዝ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በታች ሲሆን ጆሮ ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል፤ ሳብዉፈሩ ከሶፋው ጀርባ ቢሆንም ቤዙ ከቴሌቪዥኑ የወጣ ይመስላል።

ቀዳዳ ያለው ሳጥን ወይስ ዝጉ? ቀዳዳ ያለው ከተቃኘበት ድምፅ አካባቢ ብዙ ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ግን ቶሎ ይወድቃል። ዝጉ አወራረዱ ቀስ ያለ ሲሆን ለተመሳሳይ ጩኸት ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ለሰፊ ሳሎንና ለፊልም ቀዳዳ ያለውን እመርጣለሁ፤ ቦታና ገንዘብ የማይቸግረው ሰው ግን ዝጎቹን አብዝቶ መደርደር ይችላል።

ሃርማን የተባለው የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ ተመራማሪ ቶድ ዌልቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረበው ጥናት አራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ስንት ሳብዉፈር እንደሚበቃ መርምሯል። መልሱ አራት ነው፤ በየግድግዳው መሃል አንድ አንድ። ከአራት በላይ ብዙም አይጠቅምም። ደስ የሚለው ነገር፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መሃል የተቀመጡ ሁለት ሳብዉፈሮች ለአራቱ እጅግ የቀረበ ውጤት መስጠታቸው ነው። የሁለቱ ጥቅም በጩኸት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም መቀመጫ ተቀራራቢ ቤዝ ያገኛል። ብቻዎን አንድ ወንበር ላይ ሆነው የሚያዩ ከሆነ ግዙፉን ይግዙ። ቤተሰብና እንግዳ የሚሰበሰብበት ቤት ከሆነ ግን በዚያው ገንዘብ ሁለት መካከለኛ ይግዙ፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

አንድ ብቻ ካለዎትስ? ሳብዉፈሩን የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ያውጡት፣ ቤዝ የበዛበት ሙዚቃ ይክፈቱ፣ ከዚያ በግድግዳው ዙሪያ ወለሉ ላይ እየዳኹ ያዳምጡ። ቤዙ ጥርትና ሚዛናዊ ሆኖ የተሰማዎት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። ልጆች ይስቁብዎታል፤ ዘዴው ግን ይሠራል። ጥግ ላይ ማስቀመጥ ጩኸት ይጨምራል፤ ጉምጉምታውንም አብሮ።

ቮልዩም ሲቀንሱ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤዝ መሆኑን አስተውለዋል? ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ይህን ለክተውት ነበር። የ20 ሄርዝ ድምፅ ገና ለጆሮ እንዲሰማ 78 ዴሲቤል ያህል መድረስ አለበት።

ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች የሚንጫጩት በሳብዉፈሩ ጥፋት አይደለም። ከብርጭቆዎቹ ሥር ጨርቅ ያንጥፉ።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የእንቁላል ካርቶን ቤዝን እንደማያስቆምስ ያውቁ ኖሯል? ስፖንጁም አያስቆመውም። ረጅሙ ሞገድ ብሎኬቱን እያንቀጠቀጠ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። የፊልሙን ንግግር የማይሰማው ጎረቤትዎ ፍንዳታውን ግን አንድ በአንድ ይቆጥርልዎታልና፣ እባክዎ ሲመሽ የሳብዉፈሩን ድምፅ ለብቻው ዝቅ ያድርጉት።