ስለ ጥቁር አዝሙድ አበባና ስለሚያገለግሉት ንቦች

ጥቁር አዝሙድ ለበርበሬና ለዳቦ ቅመም፤ ጉንፋን ለያዘው ሰው ደግሞ በጨርቅ ተቋጥሮ የሚሸተት መድኃኒት መሆኑን በአዊ አገር፤ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ገበያ የሚውል ሁሉ ያውቀዋል። ዘሩ እንዲሞላ የሚደክመው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አበባው ነጭ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጣፋጩን ውሃ የሚይዘው ክብ ሠርተው በተደረደሩ ትናንሽ ጽዋዎች ሲሆን፤ እያንዳንዱ ጽዋ ክዳን አለው። ንቢቱ ክዳኑን እየገለጠች ከጽዋ ወደ ጽዋ ስትዞር ከበላይዋ የተንጠለጠለው የአበባ ዱቄት በጀርባዋ ይራገፋል። አበባው በመጀመሪያ ዱቄቱን ብቻ ይሰጣል፤ በኋላ ግን የእንስቱ ክፍል ጫፎች ጐንበስ ብለው ከሌላ አበባ የመጣውን ዱቄት ከጀርባዋ ይቀበላሉ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ጣት በማታህል አበባ ውስጥ መገኘቱ እጅግ ያስደንቃል። ንብ ባትመጣም አበባው በገዛ ዱቄቱ ማፍራቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ንብ የጐበኘችው የተሻለ ዘር እንደሚይዝ በምርመራ ታውቋል።

ንብ ሲባል ሰው ሁሉ የቀፎዋን ብቻ ያስባል። በዓለም የታወቁት የንብ ዓይነቶች ግን ከ20,000 ይበልጣሉ፤ የሚበዙትም ማር የማያከማቹ፤ ንግሥትና ሠራዊት የሌላቸው፤ እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ በመሬት ጕድጓድ ወይም በደረቅ እንጨት ቀዳዳ ልጆችዋን የምታሳድግ ናቸው። ከቀፎዋ ንብ ሌላ ባላገሩ በስም ለይቶ የሚያውቃት፤ መናደፊያ የሌላትንና ማርዋ ለመድኃኒት የሚፈለገውን ጣዝማን ነው። የቀሩት ዝንብ እየተባሉ ይታለፋሉ።

ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል። አበባ በፈነዳበት ማሳ በቀትር የተባይ መድኃኒት ሲረጭ የቀፎ ንብ ብታልቅ ባለቤትዋ ይጮኻል፤ የመሬቷ ንብ ብትሞት ግን የሚጮኽላት የለም። ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 ታውጇል፤ ሆኖም አዋጁ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ እስከ ማሳው ካልደረሰ ለንቢቱ ምን ይረባታል? የእርሻ ሹሞች ያከፋፈሉትን ቀፎ ከመቍጠር አልፈው፤ ገበሬው በአበባ ጊዜ ከመርጨት እንዲታገሥ፤ ግድ ቢሆንበትም ንቦች ከገቡ በኋላ ማታ እንዲረጭ፤ የማሳውንም ወሰን ሳያርስ እንዲተው ሊያስተምሩት ይገባል።

ነገሩ ካህናቱንም ይመለከታል፤ የጧፉ ሰም የንብ ሥራ ነውና። በእንጅባራ ዙሪያ ለከሰል ሲተከል የኖረው ዲከረንስ የተባለው ግራር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚቆረጥ፤ ንብ የምታድርበት ያረጀ ግንድ ይልቁንም የሚገኘው በደብር ዐፀድ ነው። እንግዲህ ማገዶ ሲለቀም ቀዳዳ ያለበት ደረቅ ግንድ በስፍራው ይቈይ።