በጀሪካን ላይ የተቀባ ቀለም ለምን ይላጣል?

መጻፍ ከተማራችሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ በዕቃዎቻችሁ ላይ መጻፍ ጀምራችኋል። አንዱ ስሙን፣ አንዱ «ላምባ»፣ ሌላው «ውሃ» ብሎ በጀሪካኑ ላይ ይጽፋል። (በሃሌታው «ሃ» ይሁን በብዙኃኑ «ኃ»፣ በዚህ ጠብ የለንም።) ታዲያ በእንጨት በር ላይ ዓመት የሚቆየው ቀለም በጀሪካን ላይ ሲሆን ብዙ ሳይቆይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ይወድቃል። ስም ቢጠፋ ጀሪካኑ ተፈልጎ ይገኛል። «መርዝ» የሚለው ቃል ሲላጥ ግን አንዱ ቢጫ ጀሪካን ከሌላው ቢጫ ጀሪካን አይለይም። የተጠማ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ያነሳል።

ለመሆኑ ቀለሙ ለምን አይይዝም? እንጨትም ሆነ የጭቃ ግድግዳ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ቀለም እዚያ ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ ሥር እንደ ሰደደ ተክል አጥብቆ ይይዛል። ጀሪካን ግን እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ የለውም። የሚሠራው ፖሊኤትሊን ከሚባል ፕላስቲክ ሲሆን ጠባዩ ለሰም የቀረበ ነው። ቅቤ በተቀባ ጸጉር ላይ ውሃ ብታፈሱ ተንከባሎ ይወርዳል እንጂ አያርስም። በጀሪካን ላይ የሚቀባ ቀለምም እንዲሁ ነው። እስቲ ጀሪካናችሁን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። ብዙ ጊዜ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር አለ፤ የዚሁ ፕላስቲክ ምልክት ነው። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ነው፤ እሱም ለቀለም ያው አስቸጋሪ ነው።

አዲስ ጀሪካን ስትገዙ ምንም ሳትጨምሩበት ጻፉበት። መጀመሪያ የእጅ ወዙና ቅባቱ እንዲለቅ በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁትና ይድረቅ። ቀጥሎ የምትጽፉበትን ቦታ አናጢዎች የብርጭቆ ወረቀት በሚሉት ሻካራ ወረቀት፣ እሱ ከሌለ በእርጥብ ጨርቅና በደቃቅ አሸዋ፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ እሹት። ዱቄቱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ በኋላ ቦታውን በእጅ መንካት የለም!

ማሻከር ብዙ ይረዳል፤ ሰምነቱን ግን አያጠፋም። ፋብሪካዎች በፕላስቲክ ዕቃ ላይ ከማተማቸው በፊት ላዩን በእሳት ነበልባል ያሳልፉታል። ነበልባሉ የፕላስቲኩን ገጽ ከአየር ጋር አዋህዶ ጠባዩን ስለሚለውጠው ቀለም ይቀበላል። እንደ ቡታ ጋዝ ምድጃ ያለ ሰማያዊ ነበልባል ያለው ሰው፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ከቤት ውጪ፣ የተሻከረውን ቦታ በነበልባሉ ላይ ከዓይን ጥቅሻ ባልበለጠ ጊዜ ያሳልፈው። የኩራዝ እሳት አይሆንም፤ ጥላሸት ይቀባዋል። ላምባ፣ ቤንዚን ወይም የተባይ መድኃኒት የነካውን ጀሪካን ግን፣ ባዶ ቢሆንም፣ ወደ እሳት እንዳታቀርቡት። በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። እንዲህ ላለው ማሻከሩ ብቻ ይበቃዋል።

አሁን ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጠብታው ከተንከባለለ ገና ነው፤ ከተንጣለለ ግን ተዘጋጅቷል። ካደረቃችሁት በኋላ በዚያው ቀን በዘይት ቀለም ጻፉ። አንድ ጊዜ ማወፈር አይበጅም። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ አሳድሩት፣ ደግሞ ድገሙት። ፊደሉ የመዳፍ ቁመት ይኑረው። ቢያንስ ሳምንት ሳይሞላው አትሹት። ከዚያ ከጽሑፉ ጎን ትንሽ ቀብታችሁ የተዋችሁትን ቦታ በምላጭ ሳትወጉት በመስቀል ጫር ጫር አድርጉ፤ የቁስል ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ሳቡት። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ካልመጣ ይዟል።

«መርዝ» የሚጻፈው መድኃኒት በምትበጠብጡበት ዕቃ ላይ ነው። መድኃኒቱ ራሱ፣ ማላታይንም ሆነ ቱፎርዲ፣ ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ አይገለበጥም። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ እያለቀለቃችሁ እጣቢውን ወደ መርጫው ጨምሩት፤ ከዚያም ዕቃውን ብሱት። ፕላስቲክ መርዝ ወደ ውስጡ ስለሚመጥ፣ ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም።

ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናት ስላሉ በመበጥበጫው እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። የጽሑፉ ጠርዝ መነሳት ከጀመረም ሙሉ በሙሉ እስኪወድቅ አትጠብቁ፤ ፋቁት፣ አሻክሩት፣ እንደገና ጻፉት።