ፓንዳ ተክል፦ ከአንድ ቅጠል ሌላ ተክል

በዶርም መስኮት ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ማሳደግ ለሚፈልግ ተማሪ ፓንዳ ተክል ጥሩ ምርጫ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካላንኮ ቶሜንቶሳ ይባላል። የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ሲሆን፣ አገር ቤት እንዳሁላ ለምንለው ተክል የቅርብ ዘመድ ነው።

ወፍራም ቅጠሎቹ ውኃ ያጠራቅማሉ። ቅጠሉን የሸፈነው ነጭ ጸጉር ደግሞ ኃይለኛ ፀሐይን ይከላከላል፤ እርጥበትም ቶሎ እንዳይተን ይረዳል። ስለዚህ ይህን ተክል ከጥማት ይልቅ የሚገድለው የውኃ ብዛት ነው። ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ትከሉት፤ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ አጠጡት። በብርዱ ወራት በወር አንዴ ይበቃዋል። ለዕረፍት ሦስት ሳምንት ብትሄዱም አይሞትባችሁም።

ለማባዛት ጤናማ ቅጠል ሳትቀዱ ከግንዱ በቀስታ ንቀሉ። ወዲያው ግን አትትከሉት። ትኩስ ቁስል እርጥብ አፈር ሲነካው ይበሰብሳልና፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ከ3 እስከ 5 ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት። ከዚያ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ላይ አስቀምጡት፤ አፈሩ ሲደርቅ በጥቂቱ ብቻ አርጥቡት። በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል፤ ቀጥሎም ትንሽ ቡቃያ ይከተላል። ቡቃያው መጀመሪያ የሚመገበው ከእናት ቅጠሉ ስለሆነ፣ ቅጠሉ ራሱ እስኪደርቅ አትንኩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ተክሉ ለድመትና ለውሻ መርዝ ነው። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ድመት ካለው፣ ተክሉን ከማይደረስበት ቦታ አኑሩት፤ ቅጠል ስትሰጡም ተቀባዩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።