ያውቁ ኖሯል? የወንዶች ቴኒስ ክብረ ወሰኖች

በቴኒስ ታሪክ ረጅሙ ግጥሚያ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ እንደፈጀ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2010 በዊምብልደን 18ኛው ሜዳ ላይ አሜሪካዊው ጆን ኢስነርና ፈረንሳዊው ኒኮላ ማሁ የጀመሩት ጨዋታ ያለቀው በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ጊዜ መሽቶባቸው ተቋርጧል። አምስተኛው ዙር ብቻውን ከ8 ሰዓት በላይ ወስዶ በኢስነር 70 ለ 68 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። የውጤት ሰሌዳው እንኳ እዚያ ድረስ መቁጠር አቅቶት 47 ለ 47 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ማሁ ነው። ሰርቩን ቢነጠቅ ከውድድሩ የሚሰናበትበትን ጌም 64 ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ 65ኛው ላይ ተረታ። በጠቅላላው ያገኘው ነጥብ 502፣ የአሸናፊው 478 ነበር! ኢስነርም ዝሎ ስለነበር በማግስቱ ያለ አንዳች ትግል ተሸንፎ ወጣ። ከ2022 ወዲህ በአራቱም ግራንድ ስላሞች (የቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች) የመጨረሻው ዙር 6 ለ 6 ከሆነ በታይብሬክ (በአጭር መለያ ጨዋታ) ስለሚለይ፣ ይህን ክብረ ወሰን የሚሰብር አይመጣም።

ራፋኤል ናዳል በፈረንሳዩ ግራንድ ስላም በሮላን ጋሮስ ካደረጋቸው 116 ግጥሚያዎች የተሸነፈው በ4ቱ ብቻ መሆኑንስ? ዋንጫውን 14 ጊዜ ወስዷል። በዚያ የሸክላ ሜዳ እሱን ያሸነፉት ሶደርሊንግ፣ ጆኮቪች (ሁለት ጊዜ) እና ዝቬሬቭ ናቸው።

ኖቫክ ጆኮቪች በ24 የግራንድ ስላም ዋንጫዎች ከወንዶች ሁሉ ቀዳሚ ነው፤ የዓለም 1ኛ ሆኖ የቆየውም 428 ሳምንት ነው። ሳያቋርጡ በመቆየት ግን ሮጀር ፌደረር ይበልጣል፤ 237 ሳምንት። ፕሮፌሽናሎች በግራንድ ስላሞች መጫወት ከተፈቀደላቸው ከ1968 ወዲህ በጠቅላላ የዋንጫ ብዛት ደግሞ ጂሚ ኮነርስን የደረሰበት የለም፤ 109።

ከሁሉም የሚገርመው ለእኔ የአውስትራሊያዊው ሮድ ሌቨር ነው። አራቱን ግራንድ ስላሞች በአንድ ዓመት ውስጥ ጠራርጎ የወሰደው ሁለት ጊዜ፣ በ1962 እና በ1969 ነው። በመካከሉ ፕሮፌሽናል በመሆኑ ምክንያት ከእነዚሁ ውድድሮች ለአምስት ዓመት ታግዶ ነበር። ምርጥ ዕድሜው ላይ ባይከለከል ኖሮ ስንት ይወስድ ነበር?

ግራንድ ስላም ካሸነፉ ወንዶች በዕድሜ ትንሹስ ማን ይመስልዎታል? ማይክል ቻንግ ነው፤ በ1989 ሮላን ጋሮስን ሲያሸንፍ ገና 17 ዓመት ከ3 ወሩ ነበር። በአራተኛው ግጥሚያው የገጠመው የወቅቱ የዓለም 1ኛ ኢቫን ሌንድል ነው። ቻንግ ሁለት ዙር ተመርቶ ሦስተኛውን ካሸነፈ በኋላ በአራተኛው ዙር እግሩ ተሸማቀቀ፤ መቆም እያቃተው ሙዝ እየበላ፣ ውኃ እየጠጣ ቀጠለ። በአምስተኛው ዙር አንዱን ሰርቭ እንደ ልጆች ጨዋታ ከታች ወደ ላይ መታው፤ ሌንድል ተደናግሮ ነጥቡን አጣ። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ቻንግ ኳስ ለመቀበል ወደ መረቡ ተጠግቶ ቆመ፤ ሌንድልም ሁለት ሰርቭ አከታትሎ አበላሸ።