ልጅ ድሃ ነው የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ድህነት በተለምዶ የሚለካው በቤተሰብ ፍጆታ ነው። በዚህ ስሌት በ2008 ዓ.ም. ከድህነት ወለል በታች የነበረው የአገሪቱ ሕዝብ 23.5 በመቶ ነበር።

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ በ2011 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት ግን ሌላ ጥያቄ ያነሳል፦ ልጁ ራሱ ምን ጎደለው? ምግብ፣ ውሃ፣ መፀዳጃ፣ ሕክምና፣ ትምህርትና የመሳሰሉት ሲታዩ፣ ከ41 ሚሊዮን ሕፃናት 36 ሚሊዮኑ ቢያንስ ሦስት ነገር ጎድሏቸዋል። በገጠር 94፣ በከተማ 42 በመቶ ማለት ነው።

ልዩነቱ ምን ያደርጋል? ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለችግረኛ ቤተሰብ ብርና እህል ይሰጣል። ይሄ ረሃብ ያስታግሳል። ግን እናት ብር ብትይዝም ቀበሌው ውስጥ የሌለ የውሃ ቦኖ አትገዛም።

ስለዚህ ሪፖርት ሲቀርብ «ስንት ብር ወጣ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ልጅ ውሃ አገኘ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።